የሰይድ ድምፅ የሄደ ዕለት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ስድቤን፣ መጠጤን ዘርዝሬ ስጨርስ፣ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እያልሁ ነው የኖርሁት። ሌላ የለም! እንዴት ያለ ደረቅ ውሸት ነው? ሌላ ነበር። እንዲያውም ዋናው እሱ ነበር። ዛሬ እናንተ አንባቢዎች ፊት ቆሜያለሁና ጨክናችሁ ስሙኝ፤ አደራ፣ እንዳታዝኑልኝ። የወዳጄን ድምፅ የቀማሁት እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ አንዲት ቃል ብተነፍስ ልጁ መዝፈን ትችል ነበር፤ ያቺን ቃል ዋጥኋት።

ነገሩን የቀሰቀሰው ፊልም ነው።

ወዳጄ ሰይድ ይባላል። ሁለታችንም ደሴ፣ ሆጤ ነው ያደግነው። እሱ ኮምቦልቻ ወርዶ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ እኔ እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እኖራለሁ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እሑድ እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ምሳ እሱ ቤት እበላለሁ። እኔ በምመጣበት ቀን ሥጋ አይሠራም፤ ክርስቲያኑ ሰውዬ እንዳይቸገር ተብሎ እነሱም ከእኔ ጋር ሽሮና ጎመን ይበላሉ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ የበደልሁት።

ያን እሑድ ልጁ ዘሃራ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጓደኞቿ ባንድ አቋቁመው ዝፈኝልን ብለዋታል። አባቷ ደግሞ ወይ ፍንክች። "ጋሼ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሰማዎታል" አለችኝ። "ዛሬ የዘፋኝ ታሪክ ፊልም አመጣለሁ። እሱን እያየ ልቡ ሲራራ እርስዎ አንድ ቃል ጣል ያደርጉልኛል። በሞቴ!" እኔም ጉረኛው፣ ተይው ለእኔ አልኋት። ምን ነካኝ? ሰይድ ለምን እንደሚከለክላት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ከምሳ በኋላ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። የአንድ ስመ ጥር የሮክ ባንድ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ነው። የአማርኛ ትርጉም የለውም። ሰይድ ትራሱን ደገፍ ብሎ "በል መምህር፣ የተማርህበትን ዛሬ አሳየኝ፤ ተርጉምልኝ" አለኝ። እሺ ብዬ ጀመርሁ። ልጁ ድሃ ነው፣ አባቱ አይወደውም፣ ጓደኞቹን አንድ ጋራዥ ውስጥ ያገኛቸዋል እያልሁ። ዘፋኙ ማይክ ይዞ ሲወጣ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛው ከጀርባ በግማሽ ዓይን ያየዋል። ያቺ አስተያየት አዲስ አልሆነችብኝም። አውቃታለሁ። የእኔ አስተያየት ነበረች።

እኔና ሰይድም በወጣትነታችን ባንድ ነበርን። ባንድ ስል እንዳትስቁ፤ አንድ አሮጌ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክ፣ እኔና እሱ፣ አለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል እንጫወት ነበር። ሰዉ የሚመጣው ለእሱ ነው። አምባሰል ሲይዝ የሚጠጣው ሰው ብርጭቆውን ያስቀምጥ ነበር። እኔ ከኋላው ጎንበስ ብዬ ቁልፍ የምነካካ ሰውዬ ነበርሁ፤ ስሜን እንኳ የሚያውቀው የለም። ይህ ይከነክነኝ ነበር። ለምን ውሸት እጨምራለሁ? ያንገበግበኝ ነበር።

የሰይድ አጎት መንዙማ የሚያወጡ ትልቅ ሰው ነበሩ። ድምፁን የሞረደው ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ሆቴል መዝፈኑን ሲሰሙ አስጠርተው "አላህ የሰጠህን ድምፅ መጠጥ መሐል ታፈሰዋለህ? ተው፣ መልሶ ይወስድብሃል" አሉት። ሰይድ ይህን እየሳቀ ነገረኝ። ግን ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱን አየሁ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከአዲስ አበባ ባንድ የሚመራ ሰው ዘፋኝ ፍለጋ መጣ። ሰይድን ሰማውና "ለቅዳሜ በደንብ ተዘጋጅ፤ ካማረኝ ይዤህ እሄዳለሁ" አለው። ሰይድ ወደ እኔ ጠቁሞ "እሱስ?" ሲል፣ ሰውዬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ኪቦርድ ተጫዋች ሞልቶናል" አለ። ሞልቶናል! ሰይድ ያለ እሱ አልሄድም እንዲል ጠበቅሁ። አላለም። ለምን ይበል? እድሉ ደጁ ድረስ የመጣለት ሰው ለምን ይበል? እኔ ግን ቂም ያዝሁ። ያለኝ ሰበብ ይኸው ነው፤ እዩትና ፍረዱኝ።

ሙዚቃ ለማያውቅ ልንገር። ኪቦርድ ላይ ቶን፣ የዜማውን ከፍታ ማለቴ ነው፣ ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ቁልፍ አለች። ዘፋኝ በለመደው ቶን ይዘፍናል። ከዚያ ከፍ ቢደረግበት መጀመሪያ ላይ አይታወቀውም፤ ዘፈኑ ጣራ ሲነካ ግን ጉሮሮው ይታነቃል። ያን ጊዜ ዘፋኙ ሰው ሳያይበት እጁን ወደ ኋላ ይልክና መዳፉን ወደ መሬት ጫን ጫን ያደርጋል። ዝቅ አድርግልኝ ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ ያለው ሰው ራሱን ነቅንቆ ዝቅ ያደርግለታል። ዘፋኝ ዞሮ አያጣራም። የሚያጣራ ከሆነማ ምኑን አብረው ሠሩት?

ቅዳሜ ሰይድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። እኔ ቁልፏን አስቀድሜ ከፍ አድርጌያት ነበር። አምባሰሉን ጀመረ፤ ከፍ ካለው ቦታ ሲደርስ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ እንደ ምንም ታግሎ ጨረሰ። ሰውዬው "ሌላ ጨምር" አለው። ሰይድ ፈገግ እያለ እጁን ወደ ኋላ ላከና መዳፉን ጫን ጫን አደረገ። አየሁት። በጎን ዓይኑ ሲያየኝ ራሴን ነቀነቅሁለት። ከዚያም ቁልፏን ወደ ላይ ተጫንኋት። ተሳስቼ ነው አልልም፤ ጣቴ አዳልጦኝ አይደለም። እያወቅሁ ወደ ላይ ተጫንሁ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ሰውዬው ሒሳቡን ጠይቆ ተነሣ።

ጓሮ ወጥተን ሰይድ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። "ዝቅ አድርገህልኝ ነበር አይደል?" አለኝ። አዎ አልሁት። "ዝቅ ብሎልኝም አቃተኝ?" አለ። አዎ አልሁት። ጉሮሮውን በጣቶቹ እየዳሰሰ "ወሰደብኝ" አለ። "አጎቴ ብለውኝ ነበር። ወላሂ፣ ወሰደብኝ።" እኔ ምን አደረግሁ? አጠገቡ ተቀምጬ እጄን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ "አብሽር" አልሁት። አብሽር! እኛ ወሎዎች ለታመመ፣ ለከፋው፣ ሰው ለሞተበት የምንላት ቃል ናት፤ አይዞህ፣ አለሁልህ ማለት ናት። ገዳዩ እኔ፣ አብሽር ባዩም እኔ።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ ዘፍኖ አያውቅም። ዘፈኑ ይቅር፤ መንዙማውንም ተወው። "በተነጠቀ ድምፅ ነቢን ላወድስ? አላፍርም?" ይላል። መውሊድ ላይ ሰዉ ሁሉ እያጨበጨበ ሲቀበል እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ከንፈር እያየሁ እንዴት እህል በላሁ? ነገ እነግረዋለሁ እያልሁ ስንት ነገ አሳለፍሁ! ሠርጉ ይለፍ፣ ልጅ ይወለድለት፣ ሱቁ ይቁምለት አልሁ። ለእሱ ያሰብሁ መስዬ ለራሴ ነበር የማስበው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ዘፋኙ ታሞ አልጋ ላይ ነው። ጊታር የሚጫወተው ጓደኛው ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠና እያለቀሰ "ያን ጊዜ ሰክሯል ብዬ የዋሸሁብህ እኔ ነኝ፤ ቀንቼብህ ነው" አለው። ዘፋኙ እጁን ዘርግቶ አቀፈው። ሙዚቃው ከፍ አለ፣ አለቀ፣ ታረቁ! ብሽቅ ነው ያልሁት። ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም። ይህን ፊልም የሠራ ሰው በደል ምን እንደሆነ ያውቃል? አፍ ተከፍቶ እንዲህ የሚወጣ ቢሆን እኔ እስከ ዛሬ ምን እጠብቃለሁ?

"ምን አለው?" አለኝ ሰይድ።

"ናፍቀኸኛል ነው የሚለው" አልሁት።

ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝ። እንግሊዝኛ ታውቃለች እኮ፤ ረስቼው። "ጋሼ፣ ቀንቼብህ ነው የዋሸሁብህ ነው ያለው" አለች ቀስ ብላ። እኔም ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ ያው ነው ብዬ ሻዬን አነሣሁ። ሰይድ ከት ብሎ ሳቀ። "ፈረንጅ ምስኪን! በጓደኛ ይቀናል? አልሐምዱሊላህ፣ እኔና አንተ መሐል እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ አያውቅም" አለና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዘሃራ ይህን ሳቅ ስታይ ጊዜው አሁን ነው አለች መሰለኝ፣ ባንዱን አነሣችበት። ሰይድ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ ያኔ አጎቱን እያነሣ ሲስቅ ያየሁት ፍርሃት። "ልጄ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም" አላት። "ድምፅሽ የእኔ ድምፅ ነው። የእኔን አላህ ሰው ፊት ነው የወሰደው። አንቺም እንደኔ ሰው ፊት እንድትዋረጂ አልፈቅድም።" እሷም እምባ እየተናነቃት "አባ፣ ብርድ መትቶህ ይሆናል፣ ደክሞህ ይሆናል፤ ለምን አላህ ነው ትላለህ?" አለችው።

ያን ጊዜ ነው ሰይድ ወደ እኔ የዞረው። "እስቲ አንተ ንገራት" አለኝ። "ከአላህ በታች ያንተን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ከኋላዬ ነበርህ። ቶኑን ዝቅ አድርገህልኝ እንኳ እምቢ እንዳለኝ ንገራት።"

ሁለቱም አዩኝ። እሷ ይነግርልኛል ብላ፣ እሱ ይመሰክርልኛል ብሎ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴ ላይ። ብናገር ልጅቱ ትዘፍናለች። ብናገር ደግሞ ሰይድ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ የተቀበለው ነገር፣ ሲሰግድበት የኖረው ነገር፣ የአንድ ምቀኛ ጣት ሥራ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ አሰብሁ ልበላችሁ? ውሸት! ይህን ያሰብሁት ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ ነው። እዚያ ተቀምጬ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ምሳ አልበላም የሚለውን።

"እውነቱን ነው" አልኋት። "ዝቅ አድርጌለት ነበር። ድምፁ ዓይኔ እያየ ነው የሄደው።"

ዘሃራ እሺ አለች። ፍላሹን ነቅላ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰይድ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ እጄን ይዞ ቆመ። "አንተ ባትኖር ዘሃራ አታምነኝም ነበር" አለኝ። "ልጄን አዳንህልኝ። አላህ ይስጥልኝ።" ከዚያ ፊቴን አይቶ፣ ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ፣ "ምነው? አሞሃል እንዴ? አብሽር" አለኝ።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን ምን አደረግኋችሁ? ወጣት ነበርሁ አልልም፤ እሑድ ወጣት አልነበርሁም። ቀናሁ፣ ቀማሁ፣ ዋሸሁ፤ ተጠየቅሁ፣ ደግሜ ዋሸሁ። መጪው እሑድ ያው ሽሮና ጎመን ይጠብቀኛል። ፊት ለፊት ለመናገር ወንድ እሆን እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ አልሆንሁም። ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት፤ የማይመለስ እንዲሆን።

ዘሃራ፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ፣ አባትሽን ማንም አልቀጣውም፤ ድምፁም የትም አልሄደም። ዝቅ አድርግልኝ አለኝ፤ ከፍ አደረግሁበት።