የብፅአት አፍንጫ

ዕፀገነት ሱዳን ውስጥ ዶካ ገበያ ላይ ሻይ ትሸጣለች። ሱዳኖቹ «ሲት ሻይ»፣ የሻይ እመቤት፣ ስለሚሏት ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር አልያዘችም፤ ስዕል ግን አልተዋትም። ደንበኛ ሲጠፋ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አውጥታ በጣቷ ትስላለች።

ሰሞኑን ማረፍ አቅቷታል። ባልንጀራዋ ብፅአት ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። አምና ክረምት ሰሊጥ ልታርም በሄደችበት ወባ ጨረሳት። እናቷ እትዬ ትርፌ ለሙት ዓመቷ ፎቶዋን ሊሰቅሉ ፈልገው የሚሰቀል አጡ። ፎቶዎቿ ሁሉ በስልኳ ነበሩ፤ ስልኩን ደግሞ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከእናትየው እጅ ነጥቀዋል። የስደተኛ ወረቀቷ ላይ ያለው የሕፃንነቷ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕፀገነት የዛሬ አስር ዓመት በስልክ የሳለቻት የካርቱን ልጅ።

ያኔ ሁለቱ ልጆች በአረብኛ የሚተላለፍ የጃፓን ካርቱን እያዩ ይውሉ ነበር። ዕፀገነት ባልንጀራዋን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ የካርቱን ጀግና አድርጋ ሳለቻት፤ ዓይኗ ስኒ የሚያክል፣ ጸጉሯ ወይን ጠጅ። ብፅአት የእውነት ጸጉሯንም እንደዚያ ልትቀባ ብትለምን እናቷ ከቤቴ ትወጫለሽ ብለው ከለከሏት።

አሁን እትዬ ትርፌ ያቺኑ ልጅ ሰው አድርጊልኝ አሉ። ለሙት ዓመቱ ጸሎት ቄሱ ከገዳሪፍ የሚመጡት ቅዳሜ ነው።

ዕፀገነት ዓይኑን አሳነሰች፣ አገጩን ሞላች፣ ጸጉሩን አጠቆረች። አፍንጫው ላይ ስትደርስ ቆመች። ካርቱኗ አፍንጫ የላትም፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። አስራ አምስት ዓመት አብራት ስትውል ኖራ የብፅአትን አፍንጫ አታስታውስም። ደነገጠች። ሰልከክ አደረገችው፤ ሌላ ሰው ሆነ። አጥፍታ ደፍጠጥ አደረገችው፤ አሁንም ሌላ ሰው። ገበያ ውላ የሰው አፍንጫ ታያለች፣ ስኳር ሁለት ጊዜ ትጨምራለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ተሸካሚው ላቀው ነቃባት።

«አንቺ፣ ዛሬ ሻይ ነው የምትሸጭው አፍንጫ ነው የምትገዥው?»

አልሳቀችም። ሐሙስ ዕለት መላ መጣላት። ብፅአት እናቷን ትመስላለች ይባል ነበር። ከሰል የምትበደር መስላ እትዬ ትርፌ ቤት ገባች፤ እሳቸው ምስር ሲለቅሙ ፊታቸውን በዓይኗ ቀዳችው። ቤቷ ስትመለስ እንደቆመች ሳለች። አፍንጫው ገጠመ። እጇ ደስ ብሎት ሮጠ፤ ግንባሩንም በዚያው ጨረሰ።

አርብ ጠዋት ስዕሉን እንዲያዩ ስልኳን ሰጠቻቸው። እትዬ ትርፌ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ወደዚህ አገር ስገባ እንዲህ ነበርኩ።»

ዕፀገነት ተቀብላ አየች። ግንባሩ መሐል የመስቀል ንቅሳት አለ። ብፅአት ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት፤ ንቅሳት አልነበራትም። የእናትየው መስቀል ከአፍንጫው ጋር ተከትሎ መጥቷል። ዕፀገነት ከልጅነቷ ጀምሮ እያየችው መስቀሉን ከፊታቸው ለይታው አታውቅም።

አፈረች። ጣቷ መስቀሉን ማጥፋት ጀመረ። እትዬ ትርፌ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የመስቀሉ አንዱ ክንድ ጠፋ፤ ሌላው ጠፋ። ግንባሩ ባዶ ሲሆን እጇን ያዙት።

«በቃ፣ ተይው። መጣች።»

«አፍንጫዋ ልክ ነው እትዬ?»

«አፍንጫዋንማ እኔም አላስታውስ።» እጇን ለቀው፣ «ጸጉሯን ግን የድሮውን ቀለም መልሽላት» አሉ።

ቄሱስ ምን ይላሉ ብላ ጠየቀች። ቄሱ የሚመጡት ለጸሎት ነው፣ ግድግዳው የኔ ነው አሏት።

ቅዳሜ በወረቀት ታትማ፣ ወይን ጠጅ ጸጉሯን ለቃ ብፅአት ግድግዳው ላይ ዋለች። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ሰኞ ዕፀገነት ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ብርጭቆ ስታቀብል ዓይኗ አሁንም የሰው አፍንጫ ላይ ያርፋል።