መቀሷና ረጅሙ ክር

የእትዬ ቀስበሉ ነጭ ጋውን ቀኝ ኪሱ ሁልጊዜ የተቀደደ ነው። አዲስ ቢሰጧትም በሁለት ወሩ ያው ይሆናል። ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ መቀስ ነው። በላቦራቶሪው ፈሳሽ የሚመጠጠው በእጅ በሚያዝ መምጠጫ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የሚሰካው ፕላስቲክ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። እሷ ያንን ጫፍ በመቀሷ ቆርጣ አፉን ታሰፋዋለች። የመጀመሪያ አለቃዋ ካሳዩዋት ቀን ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች። ቀስበሉም እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ቱቦ ይዞ በአጠገቧ የሚያልፈውን ሁሉ «ቀስ በሉ» ስለምትል ወጣላት፤ ለመደችውና ዛሬ ስልክ ስታነሳ እንኳ «አቤት፣ ቀስበሉ ነኝ» ትላለች።

ሥራዋ ከደም ውስጥ ዲኤንኤ የሚባለውን ረጅም የዘር ክር ማውጣት ነው፤ ክሩ በጠባብ አፍ ሲመጠጥ ወይም ሲነቀነቅ ይበጣጠሳል። ከፊት ለፊቷ ባለው ጠረጴዛ ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ጥይቱ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው አለ። እሷ አራት ናሙና እስክትጨርስ እሱ ሠላሳ ስድስት ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻዩን አጋምሷል።

«እትዬ፣ ናሙናው ጡረታ ሳይወጣ ይደርሱበት ይሆን?» ይላታል።

«አንተ ቀድመኸኝ ከደረስክ ሰላም በልልኝ» ትለዋለች፣ ከቱቦዋ ዓይኗን ሳታነሳ።

እውነቱን ለመናገር ለዚያ ጊዜ ሥራ ትክክሉ ጥይቱ ነበር። የቀድሞው ማሽን ዲኤንኤውን የሚያነበው አድቅቆ ስለሆነ፣ ቀድሞ መበጣጠሱ የሚያመጣው ጉዳት አልነበረም። በየዓመቱ በሚሞላው የሥራ መመዘኛ ላይ «ፍጥነት» ከሚለው ጎን ለእሷ ሁልጊዜ «መሻሻል ይገባዋል» ይጻፋል። ፈርማ ትመልሳለች። ቅር ቢላትም ለማንም አልተናገረችም።

በፍሪዘሩ ታችኛው መደርደሪያ፣ ግራ ጥግ ላይ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ራሷ የቀዳችው አንድ ቱቦ ደም አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደም ነው። ልጁ ደሙ የማይረጋ በሽተኛ ነበር፤ ትንሽ ጭረት ለሱ የሳምንት ጣጣ ናት። መርፌውን ከነቀለች በኋላ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዛ አርባ ደቂቃ አብራው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እጅሽ ቀርፋፋ ነው» አላት።

«ይቅር በለኝ እንግዲህ።»

«ለምን? ከወጉኝ ሁሉ ያላመምሽኝ አንቺ ነሽ።»

ደሙ የተወሰደበት የበሽታው ጥናት ፎርም መጨረሻ ላይ «ከዚህ ጥናት የሚጠብቁት ነገር ካለ» የሚል ባዶ መስመር ነበረበት። ሰው ሁሉ ዘሎት ያልፋል። ልጁ ግን እስክሪብቶ ለመናትና በራሱ እጅ ጻፈ፦ «ምክንያቱን ስታገኙት ለእህቴ ንገሯት። እኔን ካገኛችሁኝም ለእኔ።»

ምክንያቱን አላገኙትም። ከተቀዱት አራት ቱቦዎች ሦስቱ በምርመራ አለቁ፤ የደም መርጊያውን ዘረመል ደጋግመው ቢያነቡትም ጉድለቱ አልታይ አለ። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ደም ወደ ውስጥ ፈስሶ ሞተ። አራተኛው ቱቦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፍሪዘሩ ሦስት ጊዜ እንዲጸዳ፣ ያረጀ ናሙና ሁሉ እንዲወገድ ታዟል። ሦስቱንም ጊዜ እትዬ ቀስበሉ ዝርዝሩን ተቀብላ ከዚያች ቱቦ ቁጥር ጎን «ይቆይ» ብላ ጻፈች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ዘንድሮ እህቲቱ ራሷ መጣች። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፣ ካገባችም ዓመት አልፏታል። የጥናቱ መሪ የሆነችው ሐኪም ጉዳዩን ለእትዬ ቀስበሉ በአጭሩ ነገረቻት። የወንድሟ በሽታ በሴት በኩል ሊተላለፍ ይችላል፤ ሴቷ ሳትታመም ተሸክማው ወንድ ልጇ ላይ ሊወጣ ይችላል። ልብስ ሰፊዋ ተሸካሚ ትሁን አትሁን የደሟ የመርጋት አቅም ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቁርጡን አልተናገረም። ቁርጡን እስክታውቅ ድረስ አልወልድም ብላ ምላለች። የወንድሟ ጉድለት የት እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ እሷ ላይ ምን ብለው ይፈልጉ?

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ዘርግታ ከእትዬ ቀስበሉ ፊት ተቀመጠች። መርፌውን ትታ ጋውኑን ነበር የምታየው።

«ኪስዎ ተቀዷል» አለቻት።

«ዕድሜ ልኩን ነው የተቀደደው። መቀስ ነው የሚበላው።»

«መቀስ እኮ የራሱ ኪስ ይሰፋለታል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቅር እንዳላት ሁሉ።

ከጎን የቆመችው ሐኪም የጠረጠረችውን ነገር ታስረዳት ጀመር። በሰው ዘረመል ውስጥ ራሳቸውን እየገለበጡ ሌላ ቦታ ሄደው የሚሰኩ ቁራጮች አሉ። ብዙዎቹ ዝም ያሉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ዛሬም ይዘላሉ። የአንዳቸው ቅጂ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ዘረመሉን አድቅቀህ ስታነበው ይህችኛዋ ከየት እንደመጣች አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አሰበች። «አበባማ ጨርቅ ነዋ። ጨርቁን በጣት በጣት ልክ ቆራርጠው ቢሰጡኝ፣ ያው አበባ ሁሉም ላይ አለ፤ የተጣፈው የቱ ጋ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሳይቆረጥ ዘርግተው ካላሳዩኝ።»

ሐኪሟ እትዬ ቀስበሉን አየቻት፤ እትዬ ቀስበሉ ሐኪሟን አየቻት።

«ሳይቆረጥ የሚያነብ ማሽን መጥቷል» አለች ሐኪሟ። «ችግሩ ሳይቆረጥ አውጥቶ ማቅረቡ ነው።»

የቀረችው ደም አንዲት ቱቦ ብቻ ስለሆነች ሁሉን በአንድ እጅ ላለማስያዝ ለሁለት ተከፈለች። ግማሹን ጥይቱ ከማሽኑ ጋር በመጣው አዲስ መመሪያ፣ ግማሹን እትዬ ቀስበሉ በአሮጌ ልማዷ እንዲሠሩት ተወሰነ። ጥይቱ አልቀለደም። መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ እያንዳንዱን ደረጃ እንደታዘዘው ፈጸመ። መጨረሻ ላይ ቱቦውን ወደ ማስቀመጫው ሲወስድ፣ እጁ ሳያስፈቅደው መንገድ ላይ መነቅነቂያው ማሽን ላይ አሳረፈው። ከእትዬ ቀስበሉ በቀር እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ቱቦ በያዘ ቁጥር የሚያደርገው ነው፤ እንደ ዓይን መርገብገብ ያለ ነገር ነው። ማሽኑ ሦስት ሰከንድ ነዘረ። ጥይቱ ድምፁን ሲሰማ ደርቆ ቀረ።

ሲለኩት የፈሩት ደረሰ፤ ዲኤንኤው ደቆ ነበር። ጥይቱ ፊቱ አመድ መስሎ እትዬ ቀስበሉ ጋ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠራሁ። የልጁን ግማሽ ጨረስኩት።»

የእትዬ ቀስበሉ ዓይን ላይ ያ ጥጥ የያዘችበት ክንድ መጣ። ከዚያ በእግሯ አንድ ወንበር ወደሱ ገፋች።

«ተቀመጥ። ግማሹ አለ። ጫፎቹን አንተ ቁረጥልኝ፣ እኔ እጄን እንዳላነሳ። መቀሷ ኪሴ ውስጥ ናት።»

ጥይቱ ተቀመጠ። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ ያላየችውን ያን ቀን አየች፤ ጥይቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካንድ ወንበር ሳይነሳ። እሷ ቱቦውን አልነቀነቀችውም። የተኛ ሕፃን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እንደሚገላበጥ እያገላበጠች፣ በከንፈሯ እየቆጠረች፣ አሥር ስትደርስ ታሳርፈዋለች። ቀዝቃዛውን አልኮል በቱቦው ግድግዳ ቀስ አድርጋ ስታወርደው፣ ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ቦታ ነጭ ነገር ተንሳፈፈ። በብርጭቆ ዘንግ ጫፍ አጠነጠነችውና አወጣችው።

«ይኸው ልጁ» አለች።

ጥይቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። በቀን ሠላሳ ስድስት ናሙና ያወጣል፤ ክሩን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር።

ክሩ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ በራሱ ጊዜ መሟሟት አለበት። የማሽኑ ተራቸው ግን በማግስቱ ነበር። ማሽኑን ሌላ ተቋም ስለሚጋራቸው፣ ተራ ያለፈው ስድስት ሳምንት ይጠብቃል። ሐኪሟ ጠዋት መጣች።

«ዛሬ እናስገባው፣ እትዬ። ሴትየዋ በየቀኑ ትደውላለች፤ ስድስት ሳምንት ቆዪ ልላት አንጀቴ አልችል አለ።»

«አልሟሟም፣ ዶክተር። አሁን ከመጠጥነው ይበጠሳል።»

«ትንሽ ቢበጠስስ?»

«ሌላ የለንም» አለች እትዬ ቀስበሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጠበቀ ስድስት ሳምንት አያቅተውም ብላ ልትጨምር ነበር፤ የሚጠብቀው ልጁ ሳይሆን እህቲቱ መሆኗ ትዝ ሲላት ተወችው። «እኔ እደውልላታለሁ» አለች።

ሐኪሟ መከራከር ትችል ነበር፤ አለቃ ናት። ተራውን ለሌላው ተቋም ለቀቀች። እትዬ ቀስበሉ ያንን ውለታ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች፤ በሥራ ዘመኗ «ቆዩ» ስትል አለቃ የቆየላት ያን ቀን ነውና።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አንስታ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች። «ችኩል እጅ ክር ይበጥሳል፤ ይኼን ለእኔ አይነግሩኝም» አለች። «ይቆይ።»

በስድስተኛው ሳምንት ማሽኑ ክሩን ሳይቆረጥ አነበበው። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች። የደም መርጊያው ዘረመል መሐል ላይ፣ ስድስት ሺህ ፊደል የሚያህል ዘላይ ቁራጭ ተሰክቶ ተቀምጧል። ቦታው አንዴ ከታወቀ በኋላ እህቲቱ ላይ መፈለጉ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የዚሁ ዘረመል ሁለት ቅጂ አላት፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ቁራጩ እሷ ጋ የለም።

ልብስ ሰፊዋ ስትጠራ ሐኪሟ ንግግሩን ለእትዬ ቀስበሉ ተወችላት። እትዬ ቀስበሉ ንግግር ስለማይሆንላት ፎርሙን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ንገሯት ብሎ ነበር፤ ቆየንብሽ እንጂ» አለች። «ምክንያቱን አግኝተነዋል። አንቺ ጋ የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን በጽሑፉ ላይ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አስኬደችው።

«መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ያስቸግረው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ደብተሩ ሁሉ እንዲህ ነው።» ከዚያ እንባዋ መጣ። እትዬ ቀስበሉ ያኔ ጥጥ እንደያዘችው፣ ክንዷን ይዛላት ቁጭ አለች፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠረችም።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ አንድ ነጭ ጋውን ይዛ መጣች። ቀኝ ኪሱ በውስጥ በኩል በስስ ቆዳ ተገብሯል፤ ስፌቱ ድርብ ነው። እትዬ ቀስበሉ ለበሰችው፣ መቀሷን ከተተችው፣ አወጣችው፣ መልሳ ከተተችው። ምስጋናው መንገዱን የሳተ መሰላት፤ ማመስገን የሚገባት እሷ ነበረች፦ ክንዱን የሰጣትን ልጅ፣ መቀሱን ያሳዩዋትን አለቃ፣ የቆየችላትን ሐኪም፣ «ይቆይ» ያለቻትን ይህችን ሴት። ይህን ሁሉ ልትል አስባ «ልክ ነው» ብቻ አለች።

ጥይቱ ከፊት ለፊት ሆኖ ሲያይ ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለእኔስ ኪስ?»

«መቀስ አለዎት?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

ጥይቱ ተነሳና ጋውኑን አሳያት። ቀኝ ኪሱ ተቀዶ ነበር።