ከካፌው ኮምፒውተር ያጠፋሁት ገጽ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ለአንባቢዬ የምነግርህ ፊቴን ስለማታየው ይሆናል። ፈሪ ነኝ።

ሆሳዕና አስተማሪ ሳለሁ የግሌ ድረ ገጽ ነበረኝ። ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆቻችን የአገራቸውን ወሬና ፎቶ የሚያዩበት ስለነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አንድ ሐሙስ የጎረቤታችን የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ጀማል እዚያው መሞቱን ጓደኞቹ ጻፉልኝ፤ ለሽማግሌዎች ነገርኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ማለዳ ቤተሰቡ ቤት ድረስ ሄደው ሊያረዱ፣ እስከዚያም ማናችንም እንዳንተነፍስ ተስማማን።

እኔ ግን የሐዘን ገጹን አስቀድሜ ሠርቼ ለሙከራ ድረ ገጼ ላይ ጫንኩት። ፎቶው አልታይ አለኝ። ለካ የፋይሉን ስም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፌው ኖሯል፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ግድ የለውም፣ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ግን አይቀበልም። አስተካከልኩና በሌላ ማሽን ልሞክረው ወደ ወይንሸት ኢንተርኔት ካፌ ገባሁ። ፎቶው ወጣ። በሰው ሞት ገጽ ደስ አለኝ። ባለቤቷ ወይንሸት ከኋላዬ ቆማ አየችው፤ ለማንም እንዳትናገር ነገርኳት። ተመልሼ ገጹን ከድረ ገጼ አነሳሁት።

ዓርብ የጀማል እኅት ሙና ለወንድሟ ኢሜይል ልትጽፍ ወደዚያው ካፌ መጣች። እየጻፈች እንደ ልማዷ ድረ ገጼን ከፈተች። እኔ የሞከርኩበት ኮምፒውተር የትናንቱን ገጽ ይዞት ነበርና መርዶዋን ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዘመድ፣ ብቻዋን አነበበችው።

ከአጠገቡ ካለው ትምህርት ቤት ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ ካፌው ባዶ ነበር፤ ወይንሸት ልጅቷን ተከትላ ወጥታለች። ምን አደረግኩ? የሐዘን ገጹ እንደተከፈተ የቀረበት ማሽን ላይ ተቀመጥኩና የያዘውን ሁሉ አጠፋሁ። «ጀማልዬ» ብላ የጀመረችውን ኢሜይል ጭምር ዘጋሁት። እኔ፣ በገዛ እጄ።

ሽማግሌዎቹ መርዶውን ማን እንዳወጣው ሊያጣሩ ሲመጡ ወይንሸት አልተጨነቀችም። «መምህር ያስረዷችሁ። ማሽኑ አንዳንዴ የድሮውን ገጽ ነው የሚያሳየው፤ ሪፍሬሽ ብለው ካላደሱት አይለወጥም ብዬ ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ ነግራኝ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «እህ መምህር፣ እንዲህ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም» አልኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼም ምንም እንደሌለበት አሳየኋቸው።

ወይንሸት አልተከራከረችኝም። «እሺ፣ መምህር ካሉ» ብላ ወንበሮቿን መደርደር ጀመረች። ሙና በዓይኔ አየሁ ብትልም በድንጋጤ ነው አሏት፤ ወሬውን ያወጣችው ወይንሸት ናት ተባለ። መርዶ ያሾለከች ሴት ደጅ ማን ይረግጣል? ብዙም ሳትቆይ ካፌዋን ዘግታ ዱራሜ ገባች።

ደንግጬ ነው ልበል? አልልም። ገጹን ያጠፋሁት አስቤበት ነው። ዱራሜ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ ደርሶ መመለስ ይቻላል። አልሄድኩም። አንባቢዬ፣ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ለእሷ ደግሞ በሽማግሌዎቹ ፊት «አዎ፣ ይሆናል» ማለት ነበረብኝ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አንድ በአንድ ሞተው አልቀዋል።