ቆማም ቀዘቀዘች

እሰይ! ቀዘቀዘች! ቀጥ ብላ ቆማም ቀዘቀዘች!

ማን ካላችሁ፣ የችኩሌ አሮጌ ታክሲ ነቻ! ችኩሌ ማለት ሻዩን ቆሞ የሚጠጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጎን ሳይጨርስ «ይበቃኛል» ብሎ የሚነሳ፣ ቁጭ ማለት ያልፈጠረበት ሹፌር ነው።

ታላቅ እህቱ ልቧን ከታመመች ወዲህ ሙቀት አይሆንላትም። ባለፈው ለሐኪም ቀጠሮዋ ሲወስዳት፣ ቀይ መብራት ላይ ላቧ ችፍፍ ብሎ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ከመንገድ አስመለሰችው።

«ሁለተኛ እዚህ ምድጃ ውስጥ አልገባም። ቀጠሮውም ይቅር!»

ቀጠሮው ደግሞ የሚቀር አልነበረም። ችኩሌ እንቅልፍ አጣ፤ ጋራዥ ሮጠ። መካኒኩ የማቀዝቀዣዋን፣ የኤሲውን ጋዝ ሞላለት፤ የሚያፈስ ቦታ ፈልጎ አጣ። «አስነሳና ተዋት፣ ቆማ ልያት» ቢለው፣ ችኩሌ የት ይቆማል!

«ነድተን እንያት እንጂ!» ብሎ መካኒኩን ከነቱታው ጭኖት በረረ። ሲበሩ ውስጡ በረዶ ሆነ።

«ወንድሜ፣ እሷ ጤነኛ ነች። የታመምከው አንተ ነህ» ብሎት ወረደ።

ቀይ መብራት ላይ ሲደርስ ግን ያው ምድጃ!

የአዲሱ ቀጠሮ ቀን እህቱን እግሯ ላይ ወድቆ አስገባት። መላው ምን መሰላችሁ? አለመቆም! መብራት ባየ ቁጥር በውስጥ ለውስጥ ይጠመዘዛል። እውነትም በረደላት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ግን የመኪና ሰልፍ ነበር፤ እሱን ሲያይ ነድቶ አለፈ።

«አንተ! ሐኪም ቤቱ እኮ ያውልህ!»

«አይቼዋለሁ እትዬ፣ ዞሬ እመጣለሁ።»

ዞሮ መጣ፤ አሁንም አለፈው።

«ልታሳክመኝ ነው ልታስጎበኘኝ?»

«ከቆምኩ ይሞቅሻላ!»

«ይሙቀኝ! አቁም ብያለሁ!»

እትዬ ስትቆጣ ችኩሌም ይቆማል። ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ፤ ሞተሩንም ኤሲውንም ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፈተ። ከራዲያተሩ ጋር ያለው ማራገቢያ ፋን ድርቅ ብሏል! ለካ ስትሮጥ የመንገዱ ነፋስ እያራገበላት ነው፤ ስትቆም የሚያራግብላት የለም። ችኩሌ ደግሞ አንድም ቀን ቆሞ አይቷት አያውቅም።

ሞተሩን አጠፋ። የፋኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲከተል መጋጠሚያው ዝጎ ላልቷል። በሸሚዙ ጫፍ ፈትጎ፣ አጥብቆ ገጥሞ ሞተሩን አስነሳ። ፋኑ እርርር አለ!

«በል አሁን እንደ ሰው ተሰለፍ» አለችው።

ተሰለፈ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ችኩሌ መሪውን በጣቱ ይደበድባል፣ አንገቱን ያወጣል፣ ያስገባል። እትዬ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገች።

«ቀንስልኝ እባክህ፣ በረደኝ።»

እሱ ያን ጊዜ ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳ። ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ችኩሌ፣ ሰልፍ ውስጥ! እሷም በእግሯ ሄዳ፣ ሳትደክም ሐኪሟ ዘንድ ገባች።

መካኒኩ ይህን ገና አልሰማም። ጋራዡን ሳይዘጋ ደርሼ ልንገረው!