ባለ አንድ ክፍሉ የቆርቆሮ ቤት

በ1953 ዓ.ም. በጸሐፊነት ተመድቤ ወረታ ስገባ ከባለቤቴ ጋር የተከራየነው የሣር ክዳን ቤት ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ቤቱን እንድንለቅ ነገሩን። በዝናብ ዕቃችንን አህያ ላይ ጭነን ስንወጣ ባለቤቴ፣ «ከእንግዲህ ውጡ የማንባልበት ቤት እንሥራ» አለች። ቁጠባችን የተጀመረው በዚያ ዕለት ነው።

ገንዘብ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ሁለታችንም እንደማንምረው እናውቅ ነበር። ስለዚህ ከደመወዜ የሚተርፈውንና እሷ ለሸማኔዎች ከምትሸጠው ፈትል የምታገኘውን አጠራቅመን አንዲት የፎገራ ጊደር ገዛን፤ ሜዳው ላይ ለሚኖር ገበሬም በርቢ ሰጠናት። ስትወልድ ወተቱ የእሱ፣ ጥጃው የጋራ ይሆናል። ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲሸፍን ከራሱ ከብቶች ጋር ወደ ጉብታው ያወጣት ነበር።

ለፋሲካ ቅርጫ አንገባም ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቤታችን መጥቶ፣ «እናንተ ዘንድ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» ሲል ቀለደ።

«ተፈትቷል፤ ዶሮ ወጡ ግን ለቀልደኛ አይቀርብም» አለችው ባለቤቴ። እየሳቀች ግን አቀረበችለት።

በ1956 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ በመኪናው መንገድ ዳር ቦታ ሰጠን። በአንድ ዓመት ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ካልተሠራበት ቦታው ይመለሳል። እኔ የሦስት ክፍል ቤት አሰብሁ፤ እንጨቱንም ገዛሁ። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ግን የያዝነው ለቆርቆሮው የሚበቃ አልነበረም።

«ጊደሯን ሐሙሲት ገበያ ወስደን እንሽጣት» አልኋት።

«ወሯ ገብቶ እያለ? ለገዢው ጥጃ ልንመርቅለት ነው?»

«ታዲያ ቦታው ይወሰድ?»

«ቤቱን እናሳንሰው እንጂ! ማዘጋጃ ቤቱ ቆርቆሮ አለ፤ አዳራሽ አለ እንዴ?»

ደንቡን ደግሜ አነበብሁት። ስለ ክፍል ብዛት አንድም ቃል የለበትም። ብዙ ዓመት ከደንብ ጋር የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ያስተዋለችው ግን እሷ ናት። አንዲት ክፍል ብቻ አቁመን፣ መርገን፣ በደኅና ቆርቆሮ አለበስናት። የተረፈውን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ድንጋይ ላይ ከመርነው።

የማዘጋጃ ቤቱ መርማሪ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅነው። እሱ የሚለው ቃል ቦታውን ያጸናልናል ወይም ያስለቅቀናል። ዙሪያውን ዞረና፣ «ይኼ ቤት ነው ወይስ የቤት ጅምር?» አለ።

«ቤት ነው፤ ይግቡና ይዩት» አለች ባለቤቴ።

ገብቶ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «እልፍኙስ?»

«ሜዳ ላይ ሣር እየጋጠ ነው። ሲደርስ እንጨምረዋለን።»

ሰውዬው ነገሩ የገባው እኔ ስለ ጊደሯ ሳስረዳው ነው። ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያም ቤቱ በተወሰነው ጊዜ በቆርቆሮ መከደኑን መዘገበ። ይዞታው በሁለታችን ስም እንዲሆን አመለከትሁ። ማዘጋጃ ቤቱም ቦታውን በእኔና በባለቤቴ ስም ያጸናልን በሰኔ ወር 1957 ዓ.ም. ነው።