የወፎቹ ውሃ

ከሱስ ከተማ ወደ ቀይራዋን ከተማ የሚወስደው መንገድ በወረርሽኙ ሰበብ ከተዘጋ ወዲህ፣ ኬላው ላይ አርብ አርብ እኒህን አሮጊት እናት አያቸዋለሁ። ነጭ መከናነቢያቸውን እንደ ድሮው በጥርሳቸው እንዳይዙት የአፍ መሸፈኛው ከልክሏቸው፣ በአንድ እጃቸው አገጫቸው ሥር ጨብጠውታል። በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል።

ዛሬም ሾፌሮቹ ፖሊሱ ላይ ይጮኻሉ፦ “በሽታው ቢምረን እናንተ በረሃብ ጨረሳችሁን!”

እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተጠጉት።

“ከኬላው ወዲያ፣ የልጄ መቃብር ላይ ለወፎቹ የማኖረው ውሃ ደርቋል፤ ሞልቼ ልመለስ።”

“እናቴ፣ በሽታው እንዳይዛመት እኮ ነው።”

“የኔ ልጅ እንደሆነ ከእንግዲህ አያስልም።”

ፖሊሱ አንገቱን ደፋ፤ መንገዱን ግን አልከፈተም። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ ኬላው ሥር ያለች ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ውሃውን አንቆረቆሩ።

“እንግዲህ ወፎቹ ከዚህ ጠጥተው ይሂዱለት” አሉ።