ከአስራ ሁለት እስከ አንድ የት ነህ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሽንቴን ይዤ ሰው ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትልልቅ ውድድሮች የሚሮጥ ሰው በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ በስልኩ ይመዘግባል። በዚያች ሰዓት የአበረታች መድኃኒት መርማሪዎች ሳይነግሩ ሊመጡ ይችላሉ። ካገኙህ ሽንትህን ይወስዳሉ፤ ካጡህ ጥፋት ይመዘገብብሃል። እኔ የመረጥኳት ሰዓት ከንጋቱ አስራ ሁለት እስከ አንድ ነበረች። ቋንጃዬ ተበጥሶ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ለጤናህ ብቻ ነው የምትሮጠው» ካለኝ በኋላም አልለቀቅኳትም። ለመልቀቅ አንዲት ቅጽ መፈረም ይበቃ ነበር። ቅጿ «ከስፖርቱ መሰናበቴን አረጋግጣለሁ» ትላለች። ሰርጌ ላይ እንኳ እንዲህ የከበደ ፊርማ አልገጠመኝም።

ጫማ ከተሰቀለ በኋላ ስለሚመጣው ኑሮ የነገረን የለም ብል እዋሻለሁ። ካምፕ ሳለን አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጥቶ ግማሽ ቀን አስተምሮናል። «ዕቅዳችሁን ጻፉ» ብሎ ወረቀት አደለን። ጓደኞቼ ሕንጻ፣ ሆቴል፣ እርሻ ብለው ጻፉ። እኔ «የሚቀጥለውን ውድድር ማሸነፍ» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ዕቅድ የነበራት ሚስቴ ናት። ወንድሟ ካምፓላ ይነግድ ስለነበር «እግርህ እዚያም ያርፋል» ብላ ይዛኝ መጣች፤ ቡጎሎቢ በሚባለው ሰፈርም ሰባት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ከፈተች።

ጣጣው የጀመረው በቲማቲም ነው። ናካሴሮ ገበያ ጥሩ ቲማቲም ለማግኘት በንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሚስቴ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጣ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ጆንያ ታቅፋ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ፣ በር በሩን እያየሁ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ።

«ዛሬም አልመጡም?» ትለኛለች ስትገባ።

«ነገ ይመጡ ይሆናል።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ ሽንኩርቷን ትዘረግፋለች።

እውነቱን ልናገር። ሰዎቹን የናፈቅኳቸው ሽንቴ እንዲመረመር ብዬ አልነበረም። በዚህ ዓለም ላይ ነገ የት እንደምውል ማወቅ የሚፈልግ ሰው መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ከፈትኩና መታወቂያዬን ዘርግቼ «ዝግጁ ነኝ!» አልኩ። ወተት ሻጩ ነበር። ደንግጦ ግማሽ ሊትር ጨምሮልኝ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቴ ወገቧን ይዛ ገባችና ቆማ አየችኝ።

«ወገቤ አልቋል» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ወይ አብረኸኝ ገበያ ትወጣለህ፣ ወይ ምግብ ቤቱን እዘጋዋለሁ።»

ሳትጮህ የምትናገረው ነገር ያስፈራኛል። እሑድን ስብሰለሰል ዋልኩ። ሰኞ ለአስራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሲሆን በቁጭት ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አንጠፍጥፌ ደፋሁት። ጫማዬን አድርጌ፣ ባዶ ጆንያ ይዤ በሩን ስከፍት አንድ ጎልማሳ ኡጋንዳዊ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ቆሟል።

«ሰቦ» አለኝ፤ እዚህ ወንድን ሲያከብሩ እንዲህ ነው የሚሉት። «ናሙና ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። ግን ምን ያደርጋል፣ ጠብታ የለኝም። ውሃ ጠጣሁ፣ ደገምኩ፣ ቧንቧ ከፍቼ ድምፁን አዳመጥኩ። ወይ ፍንክች። ሚስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። መርማሪው አዘነላት መሰለኝ፣ ሽንቴ እስኪመጣ ከዓይኑ ካልራቅኩ ሥራዬን መሥራት እንደምችል ነገረን። ሦስታችንም ታክሲ ተሳፍረን ናካሴሮ ወረድን።

ሰውየው በሁለት እርምጃ ርቀት ይከተለኛል። ድንች ለማየት ጎንበስ ስል ጎንበስ ይላል፤ ጎመን ተራ ስዞር ይዞራል። ትንሽ ቆይቶ እጁ ሥራ ስለፈታ የጎመኑን እስር ተሸከመልን። ገበያው በሙሉ እኛን ማየት ያዘ።

«ምን ሰርቆ ነው?» አለች ቲማቲም ሻጯ።

«ምንም አላጠፋም» አለች ሚስቴ። «ሽንቱ እስኪመጣ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሻጯ እንባዋን ጠርጋ ሚስቴን ጠየቀቻት። «ታዲያ ማነው እሱ?»

«ባሌ ነው።»

«ባል አለሽ እንዴ?» ሚዛኑን አስቀመጠችው። «እኛ እኮ የሞተብሽ መስሎን ነው ሁሌ የምንመርቅልሽ!»

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪሎው በላይ ጣል የሚደረግልን ቲማቲም የእኔ የሙት መታሰቢያ ነበር። ሚስቴ አልሳቀችም። አንዱን ቲማቲም አንስታ እያገላበጠች ታየዋለች። አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መርማሪው ጭንቀቴን ሊያስረሳኝ ፈልጎ «ቀጣዩ ውድድርህ የት ነው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቲማቲሙን ወደ ጆንያው መክተት ጀመርኩ።

ሽንቴ የመጣው ስንመለስ፣ ታክሲው የመኪና መጨናነቅ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች መንገድ የረዘመ ማራቶን አልሮጥኩም። ቤት ደርሰን ናሙናው ከታሸገ በኋላ መርማሪው ቅጹን ሰጠኝ፤ «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የጻፈለት ሰው እንደሌለ ነግሮኝ ሚስቴ የሰጠችውን አንድ እስር ጎመን ተሸክሞ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የስንብቱን ቅጽ ከፈትኩ። ከመፈረሜ በፊት የነገዋን ሰዓት አስተካከልኩ። «ከአስራ ሁለት እስከ አንድ የት ነህ?» ለሚለው «ናካሴሮ ገበያ፣ ቲማቲም ተራ፣ ከሚስቴ አጠገብ» አልኩ። ከዚያ ፈረምኩ። አለቀስኩም፤ ሚስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ሁለታችንም በሽንኩርቱ አሳበብን።

በማግስቱ በሰዓቷ ተገኘሁ። መኖሬን ሊያረጋግጥ የመጣ መርማሪ የለም። ቲማቲም ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሚዛኑን ልክ አድርጋ መዘነችና ጆንያውን ሰጠችኝ። ሚስቴ ምርቃቱን ስትጠብቅ ቆየች።

«ባልሽ መጥቷል አይደል?» አለቻት ሻጯ።